ለመዘግየትም ይሮጣሉ ወይ?

«ሐኪሙ ሃያ ደቂቃ ያህል ይዘገያሉ» አልኳቸው፤ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ የነገረችኝ ይህንኑ ነበር። እማማ ግን የሰሙት እኔን ሳይሆን እርሷን ነው። «ራኒንግ ያለችው መሮጥ ማለት አይደለም እንዴ? የልጅ ልጄ ሲለው እሰማለሁ። ታዲያ ሐኪሙ ከሮጠ ለምን ይዘገያል?» ብለው ጠየቁኝ። ሠራተኛዋ ያለችው «ሂ ኢዝ ራኒንግ ቢሃይንድ» ነው፤ ቃል በቃል ከተመለሰ ሰውዬው ከኋላ እየሮጠ ነው እንደ ማለት ይሆናል። በእንግሊዝኛ የሚዘገይም ሰው እንደሚሮጥ ላስረዳቸው ስሞክር፣ እማማ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አድርገው «እነዚህ ሰዎች ለመዘግየትም ይሮጣሉ ወይ?» አሉ።

በሕክምና አስተርጓሚነት የምሠራው በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች ነው። አማርኛ በዚህ አካባቢ እንግዳ ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካወጣች ወዲህ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወረቀታቸውን ከሚያስተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የሙያ ደንባችን በመጠበቂያ ክፍል ከታካሚ ጋር ብዙ እንዳናወራ ይመክራል፤ እማማ ግን ደንቡን አያውቁትም፣ ቢያውቁትም ከአገራቸው ልጅ አጠገብ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥን ነውር እንጂ ሥርዓት ነው ብለው አይቀበሉትም። (በሥራ ላይ የሰማሁት ምሥጢር ስለሆነ፣ እዚህ «እማማ» የምላቸው ሴት የብዙ እናቶች ድምር ናቸው፤ ከእንግሊዝኛው ግሥ በቀር ዝርዝሩን ሁሉ ለዋውጬዋለሁ።)

የእማማ ጥያቄ አሳቀኝ፤ ይሁን እንጂ የእርሳቸው ስህተት የእኔም ስህተት ሆኖ ብዙ ዓመት ኖሯል። ልጅ ሳለሁ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛውን ይጽፉና በመካከላቸው ልክ እንደ ሒሳብ የእኩል ይሆናል ምልክት ያሰምሩ ነበር። ራን እኩል ይሆናል ሮጠ። ቀጥሎ የግሦቹን የጊዜ ለውጥ በዜማ እናነበንባለን፦ ጎ፣ ዌንት፣ ጎን፤ ኢት፣ ኤት፣ ኢትን። ራን ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሙሉ «ራን፣ ራን፣ ራን» ብሎ ይጮኽና በሳቅ ይፈርሳል። በእንግሊዝኛው የመካከለኛው ቃል አናባቢ ከሁለቱ ዳሮች የተለየ ነው፤ የእኛ አፍም ሆነ ፊደላችን ግን ልዩነቱን ስለማይዝ የአሁኑም፣ ያለፈውም፣ የተጠናቀቀውም አንድ ራን ሆነው ቀሩ። ያ የሰሌዳ ምልክት ከዜማው ይልቅ የከፋ ጉዳት አድርሶብኛል፤ የአነጋገር ስህተት በጆሮ ይታረማል፣ በልጅነት የተጻፈ እኩልነት ግን አእምሮ ውስጥ እንደ ሕግ ይቀመጣል።

ሐኪሙ ከመጡ በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት ውስጥ ራን ስንት ጊዜ እንደተነሣ በልቤ ቆጠርኩ። አፍንጫዎ ራን ያደርጋል ወይ ሲሉ «አፍንጫዎ ይፈስሳል?» አልኩ። ትኩሳት ራን እያደረጉ ነው ወይ ሲሉ «ትኩሳት ይዞዎታል?» አልኩ። አንዳንድ የደም ምርመራ ራን እናደርጋለን ያሉትን «ደምዎን እናስመረምራለን» ብዬ መለስኩት። ክኒኑን ራን አውት ሆነዋል ወይ የሚለው «ክኒኑ አልቆብዎታል?» ሆነ፤ ነገሩን ለባልደረባዬ ራን ላደርገው የሚለው ደግሞ «ከባልደረባዬ ጋር ልመካከርበት»። አምስት ጊዜ ራን፣ አምስት የተለያየ የአማርኛ ግሥ፣ አንድም ጊዜ ሮጠ የለም። እማማ በእያንዳንዱ ራን ላይ ቅንድባቸውን ከፍ እያደረጉ ያዩኝ ነበር፤ የምደብቃቸው ሩጫ ያለ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም።

ከእነዚህ መካከል ትኩሳቱ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። በእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ባለቤቷ ታካሚዋ ናት፤ ትኩሳቱን የምታስኬደው እርሷ ናት፣ ልክ አንድ ሰው ሱቅ ወይም ሞተር እንደሚያስኬድ። በአማርኛ ግን ትኩሳት ባለቤት፣ ሰው ተሳቢ ነው፦ ትኩሳት ያዘኝ፣ ብርድ መታኝ፣ ራሴን አመመኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ። ሕመም ከውጭ መጥቶ የሚይዘን ነገር እንጂ እኛ የምናካሂደው ሥራ አይደለም። ይህን የሰዋስው ልዩነት ወደ ፍልስፍና ማሳደግ ቀላል ነው፤ ፈረንጅ ሁሉን እቆጣጠራለሁ ባይ ነው፣ ሐበሻ ሁሉን ለፈጣሪ የሰጠ ነው የሚል ድምዳሜ ለቡና ላይ ወግ ያምራል፤ እኔ ግን አላምንበትም። ትኩሳት ራን የሚያደርገው አሜሪካዊ ትኩሳቱን እንደማይቆጣጠረው ከእኛ እኩል ያውቃል። የምለው ከዚያ ያነሰ ነገር ነው፦ አስተርጓሚ ግሡን ብቻ መለወጥ አይበቃውም፣ ዓረፍተ ነገሩን ገልብጦ ባለቤቱን ተሳቢ ማድረግ አለበት፣ ይህንንም የሚያደርገው ሐኪሙ የሚቀጥለውን ቃል ከመናገሩ በፊት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ስለ ቤተሰብ የሚነሣው ነው። ሐኪሞች ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ሲጠይቁ በሽታው በቤተሰቡ ውስጥ ራን ያደርጋል ወይ ይላሉ። ምስሉ የውኃ ነው፤ ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ በአንድ ቦይ የሚወርድ ነገር። አማርኛም ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፤ «በዘራችሁ አለ ወይ?» ማለት ይቻላል፣ አጭርም ትክክልም ነው። ነገር ግን በእኛ አገር «በዘሩ አለበት» የሚባልለት ሰው ስኳር ያለበት ሰው ብቻ አልነበረም። ለጋብቻ ዘር በሚቆጠርበት ቤት ውስጥ ቃሉ የሥጋ ደዌን፣ የሚጥል በሽታን፣ የአእምሮ ሕመምን ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ሐሜት። ጥያቄውን በዚህ ቃል ባቀረብኩባቸው ጊዜያት ቀና ብለው «የእኛ ዘር ንጹሕ ነው» ብለው የመለሱ አረጋውያን አጋጥመውኛል፤ ሐኪሙ የጠየቀው ስለ ስኳር ነው፣ የተመለሰለት ስለ ክብር ነው፣ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን «በቤተሰብ የለም» የሚል ነው። ስለዚህ ዛሬ «ከእናትዎ፣ ከአባትዎ ወይም ከወንድም ከእኅትዎ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ነበር?» እላለሁ። ረጅም ነው፣ ውኃውም ቦዩም ጠፍተዋል፣ መልሱ ግን እውነት ይሆናል።

ሁልጊዜ እንዲህ ጠንቃቃ አልነበርኩም። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንዲት ሐኪም አንድን ጎልማሳ ታካሚ ሰሞኑን ራን ዳውን ሆነው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እኔ ያን ሐረግ የማውቀው ከዜና ነበር፤ በዜና ላይ ራን ዳውን የሚሆን ሰው መኪና የገጨው ሰው ነው። ምንም ሳላመነታ «ሰሞኑን መኪና ገጭቶዎታል ወይ?» አልኳቸው። ሰውዬው ትንሽ አሰቡና «ሰሞኑን እንኳ አይደለም፣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ታክሲ» ብለው ጀመሩ፤ ጫማቸውን አወለቁ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን አሳዩ። ሐኪሟም ጎንበስ ብላ እግራቸውን በትሕትና መርምራ ምንም እንደሌለበት ነገረቻቸው። እርሷ ልትጠይቅ የፈለገችው ድካም፣ የሰውነት መዛል ይሰማቸው እንደሆነ ነበር። መሳሳቴ የገባኝ ስለ እግራቸው ስናወራ ነው። በሙያችን ሥርዓት አስተርጓሚ በታካሚው አፍ «እኔ» እያለ ስለሚናገር፣ ስለ ራሱ ሲናገር ራሱን በሦስተኛ መደብ መጥራት አለበት፤ እናም ላብ በጀርባዬ እየወረደ «አስተርጓሚው ተሳስቷል» ብዬ በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። ጎልማሳው ጫማቸውን እያጠለቁ «አይዞህ ልጄ፣ እግሬም መታየቱ አልከፋም» አሉኝ።

በዚያ ሳምንት ነው የቃሉን ታሪክ መፈለግ የጀመርኩት። ያገኘሁት ነገር አስደነቀኝ፤ ራን በመሠረቱ አንድ ግሥ አይደለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ዘመን ሁለት ተቀራራቢ ግሦች ነበሩ፤ አንደኛው ራሱ የሚሮጠውን ወይም የሚፈስሰውን ነገር የሚናገር፣ ሁለተኛው ሌላውን የሚያስሮጠውን፣ ለምሳሌ ፈረስ የሚጋልበውን ሰው የሚናገር። በዘመናት ብዛት፣ ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ቋንቋም ተጨምሮበት፣ ሁለቱ ተቀላቅለው በአንድ ድምፅ ቀሩ። በአማርኛ እንዲህ ያለ መቀላቀል ሊደርስ አይችልም፤ እኛ ሮጠ እና አስሮጠ፣ ሄደ እና አስኬደ፣ ፈሰሰ እና አፈሰሰ እያልን አድራጊውን ከአስደራጊው በቃሉ ራስ ላይ በምንጨምረው «አ» ወይም «አስ» እንለያለን። እንግሊዝኛ ያንን ፊደል ስለማያውቅ ሞተሩም ራን ያደርጋል፣ ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰውም ራን ያደርጋል፤ ድርጅቱም፣ ሥራ አስኪያጁም፤ ቧንቧውም፣ ቧንቧውን የከፈተችው ሴትም። ሥራ አስኪያጅ የሚለው የራሳችን ስም የተሠራው በዚያው «አስ» መሆኑን ልብ ያልኩት ያኔ ነው።

ሁለተኛው ግኝት ውኃ ነው። የእንግሊዝኛ ዘመድ በሆነው በጀርመንኛ እስከ ዛሬ ድረስ ሁለት ግሦች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሬነን መሮጥ ነው፣ ሪነን ደግሞ ቀስ ብሎ መፍሰስ። ራን ከመጀመሪያው የእግር ብቻ ሳይሆን የፈሳሽም ግሥ ነበር ማለት ነው፤ በአንድ መስመር ሳይቋረጥ የሚሄድ ማንኛውም ነገር የዚህ ግሥ ግዛት ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ የሰሌዳውን ምልክት ሰርዤ በልቤ ሌላ ጻፍኩ። የማላውቀው ራን ሲያጋጥመኝ በእግር ሳይሆን በውኃ እጀምራለሁ፦ የሚፈስሰው ምንድን ነው? በየትኛው ቦይ? የለቀቀው ማን ነው? አፍንጫ፣ ማቅለሚያ የለቀቀ ልብስ፣ በተራራ ጥግ የሚዘልቅ መንገድ፣ ከአያት የወረደ ሕመም፣ ውኃው አልቆ ባዶ የቀረ ማድጋ፣ ማለትም ያለቀ ክኒን፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ይገባሉ። የልብ ሐኪሞች ሳይቋረጡ ተከታትለው የሚመጡ ፈጣን ምቶችን አንድ ራን ይሏቸዋል፤ እርሱም ያው ፍሰት ነው።

የቃሉ መስፋት ግን ወፍጮና የባቡር ሐዲድ፣ ሞተርና ኋላም ኮምፒውተር በመጡ ጊዜ ሌላ መልክ ያዘ፤ የሚንቀሳቀስ ማሽን ሁሉ ይህን ግሥ ጠየቀ። ታላቁ የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1928 ሲጠናቀቅም፣ ሃያ ቅጽ ያለው ሁለተኛው እትም በ1989 ሲወጣም፣ ረጅሙን ቦታ የያዘው ማስቀመጥ፣ ማኖር የሚል ፍቺ ያለው ሌላ ግሥ ነበር (በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ሴት» ሆኖ ስለሚያሳስት ባልጽፈው ይሻላል)። በሦስተኛው እትም ዝግጅት ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የራን ክፍል ለግሡ ብቻ 645 ፍቺዎች ይዞ ወጣ፤ አርታኢው ፒተር ጊሊቨር በዚህ አንድ ቃል ላይ ዘጠኝ ወር ሠርተዋል። ዘጠኝ ወር መባሉን ስሰማ ፈገግ አልኩ፤ ለእኔ ቢሰጠኝ ኖሮ ያንሰኝ ነበር።

የውኃው ዘዴ የማይሠራበት ቦታም አለ። አሜሪካዊ ፖለቲከኛ ለሥልጣን ራን ያደርጋል፣ ይኸውም እንደ ፈረስ ውድድር ነው፤ እንግሊዛዊው ግን ለፓርላማ ይቆማል እንጂ አይሮጥም። እኛ ሁለቱንም ትተን ይወዳደራል እንላለን። ባንክ ላይ ራን ተደረገ ሲባል፣ ልክ ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ እስከ መዝጋት ባደረሳቸው ጊዜ እንደሆነው፣ እግርም ውኃም አንድ ላይ ይመጣሉ፤ ሕዝቡ ወደ ባንኩ ይሮጣል፣ ገንዘቡ ከባንኩ ይፈስሳል። ለዚህ አንድ የአማርኛ ቃል አላገኘሁም፤ «ሕዝቡ ገንዘቡን ለማውጣት ባንኩን አጨናነቀው» እላለሁ፣ ጥሩም አይደለም። የእህቴ ልጅ ደግሞ ኮምፒውተር አጥንቷልና ችግሩን በአማርኛው መንገድ ፈትቶታል፤ «ኮዱን ራን አድርገው»፣ «ራን አያደርግም» ይላል። በአማርኛ በተዘጋጁ የስልክና የኮምፒውተር ገጾች ላይ «አሂድ» የሚል ቁልፍ አይቻለሁ፤ ንጹሕ አማርኛ ነው፣ አስደራጊነቱም በአንድ ፊደል ተቀምጧል፣ ግን የእህቴ ልጅ ሲጠቀምበት አልሰማሁም።

የእኛው ሮጠ በንጽጽር ጭምት ነው። ከእግር ብዙ አይርቅም። ጊዜ ይሮጣል፣ ኑሮ ሩጫ ነው፣ ጉዳይ ያለው ሰው ሲሯሯጥ ይውላል፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በጢሞቴዎስ መልእክቱ ሩጫውን ጨርሷል፤ ወንዝ ግን በአማርኛ አይሮጥም፣ ሱቅም፣ አፍንጫም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ቃሉ ለእኛ የሰው እግርና የሰው ሳንባ ሆኖ ቀርቷል ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፣ ምንም እንኳ ይህ የቋንቋ ጥናት ሳይሆን የአገር ስሜት ቢሆንም።

ነገር ግን እኛም ራን የመሰለ ግሥ አለን፤ ያየሁትም በሐኪሙ ዓይን ነው። በዚያ ቀን እማማ ብዙ ተናገሩ፤ ጉንፋን ይዟቸው እንደሰነበተ፣ ሲመጡ ትራፊክ እንደያዛቸው፣ የልጅ ልጃቸው ሥራ ስለያዘ ሊያመጣቸው እንዳልቻለ፣ የመድኃኒቱን ስም በቃላቸው እንዳልያዙት፣ ልጃቸው በአንድ ነገር ቂም ይዛባቸው ደም ግፊታቸው እንደጨመረ፣ ደግሞም ቀጣዩን ቀጠሮ ጠዋት እንድንይዝላቸው። ሐኪሙ ጆሮአቸው ንቁ ነው። እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው «እርሳቸው ሁልጊዜ ያዘ፣ ያዘ ይላሉ፤ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። እኔም የውኃውን፣ የቦዩን፣ የዘጠኝ ወሩን ነገር ሁሉ ረስቼ፣ በእጅ መያዝ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነገርኳቸው። ሐኪሙ ወረቀታቸው ጥግ ላይ «ያዘ» ብለው በራሳቸው ፊደል ጻፉ፣ አጠገቡ ትርጉሙን ጻፉ፣ በመካከላቸው ሁለት አጫጭር መስመሮች አሰመሩ።

ስንወጣ ቀጠሮ የምትመዘግበዋ ልጅ የደም ምርመራ ክፍሉ እሑድም ክፍት እንደሆነ፣ ሆኖም ታካሚዎችን ከባቡር ጣቢያው በነጻ የሚያመላልሰው አውቶቡስ እሑድ ራን እንደማያደርግ ነገረችን። አፌን ከመክፈቴ በፊት እማማ እጃቸውን አነሡ፤ ለዚህ አልፈልግህም እንደማለት ነው።

«ገብቶኛል» አሉኝ። «አውቶቡሱ እሑድ አይሮጥም። ሰንበት ያከብራል፣ ደግ አደረገ። ሰኞ በልልኝ።»